ማህተም ያልተመታባቸው መጋረጃዎች

«ዕዳ ያለብኝ እኮ እኔ አይደለሁም፣ አክስቴ፤ ኩባንያው ነው» አለ ጋቪን አፉ ቶስት እንደሞላ። የተቀመጠው በግሌንዳ ወንበር፣ የሚቀባው የግሌንዳን ቅቤ፣ የሚጠጣው የግሌንዳን ሻይ ነው። እኔ በጓሮው በር ገብቼ ኮፍያዬን እንኳ ሳላወልቅ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሰው አልከፍልም ለማለት በጠዋት ተነስቶ፣ ከተማውን አቋርጦ መጥቶ፣ የካዳትን ሴት ቁርስ ይበላል? ግሌንዳ ግን ሁለተኛው ቶስት እንዳያርርባት ዓይኗን ከመጥበሻው ሳትነቅል «ማርማላታ ላውጣልህ?» አለችው። «ካለ» አላት። አወጣችለት። የእነሱ ዘር እንዲህ ነው። ቤቱ በእሳት እየነደደም ቢሆን መጀመሪያ ስኳር ትፈልጋለህ ወይ ብለው ይጠይቁሃል።

ጋቪን የእህቷ የኦድሪ ልጅ ነው። እኔ ጎረቤቷ ክሊፍ ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ በዚሁ በብላክፑል የባሕር ዳርቻ ትራም ስነዳ ኖሬ፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የጠዋት ሻይዬን ግሌንዳ ዘንድ ነው የምጠጣው። በዚያን ቀን የመጣሁት ግን ለሻይ ብቻ አይደለም። ግሌንዳ መኪና መንዳት ስለማትችል በአራት ሰዓት ወደ ጋቪን ሆቴል ላደርሳት ቃል ገብቼላት ነበር። የፍርድ አስፈጻሚው እዚያ ይጠብቃታል። ጋቪንም የመጣው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ ሕጉ ቀድመው እንዲያስታውቁት ያስገድዳል።

«ክሊፍ፣ ምነው እንደ ፖሊስ ቆምክ? ቁጭ በል እንጂ» አለኝ፣ በሰው ቤት ጋባዥ ሆኖ። ከዚያ ወደ አክስቱ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። «እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ ነው። ሰውየው ይመጣል፣ ይዞራል፣ ምንም አያገኝም፤ ወጪው ደግሞ አንቺው ላይ ይወድቃል። ኩባንያው ባዶ ነው። ለምን ትደክሚያለሽ?»

«ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ» አለች ግሌንዳ።

እሱ ከሄደ በኋላ ሳህኑን አጠበች፣ አደረቀች፣ መደርደሪያው ላይ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «አንተ፣ በጣም ከስቷል አይደል?» አለችኝ። ምን ልበላት? ከስቷል አልኳት። ከስቶም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋቪን ከባሕሩ ዳርቻ አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ አሮጌ ሆቴል ይዞ፣ አምና በመከር ወራት አሳምሮ ሊከፍተው ተነሳ። አክስቱ በከተማው የታወቀች መጋረጃ ሰፊ ናት። ያን ወራት ሙሉ የፊት ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ለመኝታ ክፍሎቹ ሁሉ፣ ለመመገቢያ አዳራሹ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ሰፋችለት። ዝም ብሎ መጋረጃ አይደለም፤ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ገበር ያለው፣ እንደ መስኮቶቹ ቅርጽ ሦስት ወገን ታጥፎ የሚዞር፣ ቀለሙን ኦድሪ ራሷ የመረጠችው ባሕር አረንጓዴ። ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናዋን ድምፅ እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ጨርቁን ቦልተን ካለ ነጋዴ በዱቤ ወሰደች፣ በራሷ ስም። ጋቪን ቅድሚያ ሊከፍላት ነበር፤ ከዚያ ገና ሲሆን አለ፤ ከዚያ ሆቴሉ ሲከፈት አለ፤ ከዚያ ስልኩን ማንሳት ተወ። የቦልተኑ ነጋዴ ግን አክስት የለውም። ጠበቃው እስከ ዓርብ ካልከፈለች ቤቷን እንደሚያስይዝ ጽፎላታል። ጋቪን ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ አለው፤ ግሌንዳ ከስሟ ኋላ የሚንጠለጠል ምንም ነገር የላትም፣ ያላት ቤቷ ብቻ ነው። የኩባንያው ስም ደግሞ «ብራምብል» ነው። ብራምብል ጋቪን ልጅ ሳለ የነበረው ውሻ ነው፤ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፣ አንዴ ሱሪዬን ቀዶብኛል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ የግሌንዳን ገንዘብ የበላው ጋቪን ሳይሆን የሞተ ውሻ ነው።

ፍርድ ቤት የሄድነው በየካቲት ነበር። ግሌንዳ አዲስ ጫማ ገዝታ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ሄደች። ጋቪን አልመጣም። ዳኛዋ የልጅ ልጄ የምታህል ወጣት ነበረች፤ ወረቀቱን አገላብጣ፣ ሁለት ሦስት ነገር ጠይቃ፣ ወዲያው ፈረደችላት። ሻይ ሳይፈላ አለቀ ብል ይቀላል። ግሌንዳ ቦርሳዋን ከፍታ «ታዲያ ገንዘቡን የት መስኮት ነው የምቀበለው?» ስትል ዳኛዋ በጣም አዘነች። ፍርድ ቤቱ እንደሚፈርድ እንጂ እንደማይከፍል፣ ኩባንያው እምቢ ካለ አስፈጻሚ መላክ እንደሚቻል፣ ለዚያም ሌላ ክፍያ እንዳለ በትዕግሥት አስረዳቻት። ግሌንዳ አመሰገነቻት። ከዚያ ወጥተን፣ ማሸነፍ ማሸነፍ ነው ብላ፣ አሳና የድንች ጥብስ ጋበዘችኝ። ኮምጣጤውን እያፈሰሰች «እንግዲህ እልባት አገኘ» አለች። አላገኘም ብዬ አንጀቷን ላሳርረው አልፈለግሁም፣ አሳዬን በላሁ።

በዚያ ጠዋት ሆቴሉ ደጃፍ ስንደርስ አስፈጻሚው ቀድሞን ደርሶ ነጭ ቫኑ ውስጥ ሳንድዊች ይበላ ነበር። ሚስተር ራምስደን ይባላል፤ ግዙፍ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ምራቁን የዋጠ ሰው። ከዮርክሻየር፣ ከባላንጣችን አውራጃ፣ መሆኑን አፉን ሲከፍት ነው ያወቅሁት፤ ይቅር አልኩት። «እርስዎ ባይገቡም ይችላሉ» አላት ግሌንዳን። «ብዙ ሰው ቤተሰብ ሲሆን ውጭ መቆየት ይመርጣል።» ግሌንዳ «እህቴ እኮ ናት እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው፤ ሰላም ሳልላት?» አለችና ቀድማው ገባች።

ኦድሪ ከመቀበያው ጀርባ ቆማ የመዳብ ደወሉን ትወለውል ነበር። ቀድሞ የተወለወለ ደወል። ጉልበቷ ተበላሽቶ ከቆየ ዓመት አልፎታል፤ ቀዶ ጥገናውን በነጻ ለማግኘት ወረፋው ማለቂያ ስለሌለው፣ በግል ለመታከም ከደሞዟ እየቆጠበች ነው። ስትራመድ በአንድ እጇ ግድግዳውን ትይዛለች። ሁለቱ እህትማማቾች ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም። እንግዲህ ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ ኮፍያዬን ጨብጬ ጠበቅሁ።

«ነፋሱ በረደ» አለች ኦድሪ።

«ትንሽ» አለች ግሌንዳ። «ጉልበትሽስ?»

«እንዳለ ነው። ሻይ ትጠጣላችሁ?»

ጠጣን። ሚስተር ራምስደንም ጠጣ፣ ብስኩትም ወሰደ። የሰው ንብረት ሊወርስ የመጣ መንግሥት የላከው ሰው፣ የልጇን ንብረት የሚወርስባት ሴት በቀዳችለት ሻይ ብስኩት እየነከረ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ተጫወተ። ጋቪን ከላይ ወርዶ ተቀላቀለን። ደስ ብሎታል፤ ዛሬ ፔይዝሊ ከምትባል የስኮትላንድ ከተማ አንድ አውቶብስ ሙሉ ጡረተኞች በአስር ሰዓት ይገባሉ፤ የሆቴሉ የመጀመሪያ እንግዶች ናቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ይቆያሉ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ያው የጉዞ ድርጅት እስከ ፋሲካ ድረስ ሌሎች ሊልክ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ካልተከፉ። ገንዘቡን ሲያገኝ ለአክስቱ እንደሚያስብላት ነገራት። «አስብልሻለሁ» ነው ያለው። ይብላኝለት።

ዙሩ ተጀመረ። አልጋዎቹን ሚስተር ራምስደን ሲያይ ጋቪን ውል አወጣ፤ ከሊድስ ሰዎች ኪራይ ናቸው። ቴሌቪዥኖቹ ኪራይ። የወጥ ቤቱ ምድጃ ኪራይ። ጠረጴዛና ወንበሩ የሚስቱ ወንድም። መኪናው የሚስቱ። ሕንጻው ሳይቀር የሌላ ኩባንያ ነው፤ የዚያ ኩባንያ ዳይሬክተር ማን ነው ሲባል ጋቪን ጉሮሮውን ጠረገ። ማረፊያው ውስጥ ያለውን ፒያኖ ሚስተር ራምስደን ተጠግቶ ሊከፍተው ሲል ኦድሪ ከበሩ ላይ ሆና «እሱ የእናታችን ነው» አለች፣ ግሌንዳም አብራ በዚያው ቅጽበት «የእናታችን ነው» አለች። ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ። ሰውየው እያንዳንዱን ነገር እየነካ፣ ወረቀቱን እያየ፣ ራሱን እየነቀነቀ አለፈ። በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ ብራምብል የተባለው ውሻ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አልነበረውም። ጋቪን ከኋላው እጁን ኪሱ ከቶ ይከተላል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ግን ሰው ምንም የሌለው በመሆኑ እንዲህ ሲኮራ አይቼ አላውቅም።

መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሚስተር ራምስደን መስኮቱ ጋ ቆሞ መጋረጃውን በሁለት ጣቱ ያዘ። ገበሩን ገለበጠ፣ የታች እጥፋቱን አየ። በእጅ የተሰፋ ነው። «እነዚህስ የማን ናቸው?» አለ።

ጋቪን ኪሱን ዳበሰ። ጋቪን ለዚህ ወረቀት አልነበረውም።

«የኔ ሥራ ናቸው» አለች ግሌንዳ። «የተካሰስንባቸው እነሱ ናቸው።»

ሰውየው ዞር ብሎ አያት። «ቢልዎ ላይ እስኪከፈል ድረስ ዕቃው የሻጩ ነው የሚል ነገር አለ? ካለ እኮ እኔም አላስፈልግም። የራስዎን ንብረት አውልቀው ይሄዳሉ።»

ግሌንዳ ቦርሳዋን ከፈተች። ከክርና ከመርፌው መሐል ትንሽ የእንጨት እጀታ ያለው ማህተም አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባሏ በሕይወት ሳለ ያሠራላት ነው፤ አንድ የዳንስ አዳራሽ ባለቤት ከካዳት በኋላ። ልክ ሰውየው እንዳለው ነው የሚለው፣ ሙሉ ዋጋው እስኪከፈል ዕቃው የሻጩ ንብረት ነው። በምትሰጠው ቢል ሁሉ ላይ ትመታዋለች። የቄሱ ቤት መጋረጃ ቢል ላይ መትታለች። የኔ ወጥ ቤት መጋረጃ ቢል ላይ መትታለች፣ አብረን ሻይ የምንጠጣው ጎረቤቷ እኔ! ጋቪን ማህተሙን አንስቶ የተገለበጠውን ፊደል አነበበ።

«ለኔ ይህን ለምን አልመታሽም?» አለ።

«ቤተሰብ ስለሆንክ» አለች።

እውነቷን ነው። የእህቷን ልጅ እንደ ሌባ መቁጠር ይሆንብኛል ብላ ነው የተወችው፤ በማህተሙ ፈንታ ቢሉ ግርጌ «ከአክስትህ በፍቅር» ብላ ጽፋበታለች። ያንን ወረቀት ፍርድ ቤት ዳኛዋ ጮክ ብላ ስታነበው ግሌንዳ ጫማዋን ታይ ነበር። በዚህ ምክንያት መጋረጃዎቹ ከተሰቀሉበት ሰዓት ጀምሮ የኩባንያው ሆነዋል። በቤቱ ውስጥ የኩባንያው የሆነ ብቸኛ ነገር እነሱ ናቸው፣ ማንም ያልከፈለባቸው።

ሚስተር ራምስደን ግሌንዳን ወደ ጎን ወስዶ አነጋገራት፤ እኔም ጆሮዬን አልደፈንኩም። መውሰድ እንደሚችል፣ ግን በጨረታ ያገለገለ መጋረጃ፣ ያውም ለዚህ ቤት መስኮት የተለካ፣ የቫኑን ነዳጅ እንደማይሸፍን ነገራት። «ሐቁን ልንገርዎት፤ ገዢ ካልተገኘ ይጣላሉ። እኔ ብሆን ትቼ እሄዳለሁ። ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው።» ጋቪን ሰማው፤ ትከሻው ዘና አለ። «ነግሬሻለሁ እኮ፣ አክስቴ» አለ። ግሌንዳ መስኮቱን አየች። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሆቴል አለ፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እዚያ ቁርስ የሚበላውን ሰው ጺም ማየት ትችላለህ። መብራት ምሰሶው ደግሞ ልክ የመኝታ ክፍሎቹ ፊት ነው የቆመው፣ ማታ ማታ ብርሃኑ እንደ ቀን ነው፣ ትራሙም ከማዕዘኑ ሲዞር ፊቱን ወደዚህ ያበራል። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ያበራሁት እኔ ነኝ። ግሌንዳ ይህን ሁሉ አየችና «ክሊፍ፣ መሰላልህ መኪናው ላይ ነው?» አለችኝ። መሰላሌ ሁልጊዜ መኪናዬ ጣሪያ ላይ ታስሮ ነው፤ የጎረቤት አሸንዳ አጸዳበታለሁ። «ነው» አልኳት። «እንወስዳቸዋለን» አለች ለሚስተር ራምስደን። «ሁሉንም።»

ጋቪን ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «ዛሬ?» አለ። «አክስቴ፣ አውቶብሱ እኮ በአስር ሰዓት…»

«የኩባንያው ዕቃ ነው፣ ልጄ» አለች። «ያንተ አይደለም።»

ሚስተር ራምስደን ጎተት አድርጎ ሊያወርድ ሲል ግሌንዳ እጁን መታችው፤ የመንግሥት ሰው መሆኑን ረስታ። «ኧረ ይቀደዳል! ስጡኝ» ብላ ራሷ መሰላሉ ላይ ወጣች፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ እኔ ከታች ይዤ። መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ እየፈታች ትልቁን ጨርቅ ወደ እኔ ለቀቀችው። ከብዶኝ ልወድቅ ነበር። መጋረጃ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም፣ አንዱን ጫፍ ስይዝ ሌላው ይሸሸኛል። ሚስተር ራምስደን አጣጥፎ የሠራውን ግሌንዳ አየችና ገልብጣ ዘረጋችው። በዚህ መሐል ኦድሪ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየች። ልታባርረን ነው፣ ወይም ልታለቅስ ነው አልኩ። ግድግዳውን እየያዘች መጣችና መሬት ላይ የተዘረጋውን ጫፍ አነሳች። ግሌንዳ ሌላውን ያዘች። ሳይነጋገሩ ጨርቁን ወጠሩት፣ አንድ ጊዜ አራገቡት፣ ማዕዘን ከማዕዘን አገጣጠሙ፣ እየተቀራረቡ ተራመዱ፣ ኦድሪ ጫፉን ለግሌንዳ አስረከበች፣ ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ያዘች፣ እንደገና ራቁ። እናታቸው በዚህ ከተማ ለሆቴሎች አንሶላ ታጥብ ነበር፤ ልጆች ሳሉ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ሥራቸው ይህ ነበር። አንዲቷ ስታነክስ ሌላይቱ እርምጃዋን አሳጠረች። የመመገቢያ አዳራሹን ጨርሰው ወደ መኝታ ክፍሎቹ ወጡ፤ ኦድሪ በየደረጃው እየቆመች። እኔ መሰላሉን ተሸክሜ፣ ዓይኔን በኮፍያዬ እየጠረግሁ ተከተልኳቸው።

ጋቪን በስልክ ከታች ይጮሃል። የመጋረጃ ሱቁ በሦስት ሳምንት እንጂ ዛሬ አይሆንም አለው። ሌላው ቅድሚያ ሙሉ ክፍያ ጠየቀው። የጉዞ ድርጅቱ ሴትዮ ሰው ልብሱን የሚያወልቅበት ክፍል ውስጥ መጋረጃ ከሌለ አውቶብሱን ወደ ሌላ ሆቴል እንደምታዞር ነገረችው። ስምንት ሰዓት አለፈ። ሆቴሉ መስኮቱ ሁሉ ራቁቱን ቀርቶ፣ ማዶ ያሉ ሰዎች ቆመው ያዩናል። መጋረጃዎቹ በመቀበያው ወለል ላይ ተከምረው፣ ሚስተር ራምስደን ቫኑን ሊከፍት ቁልፉን አወጣ።

«ቆዩ» አለች ኦድሪ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ስንት ነው ሁሉም?»

ሚስተር ራምስደን ነገራት፤ ከፍርድ ቤቱና ከእሱ ወጪ ጋር አምስት ሺህ ፓውንድ አልፏል።

«ካርድ ትቀበላላችሁ?»

«እማዬ!» አለ ጋቪን። እውነትም ደነገጠ። «እንዴ፣ ያ እኮ የጉልበትሽ ገንዘብ ነው። ዕዳው ያንቺ አይደለም። የኔም አይደለም፤ የኩባንያው ነው፣ ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?»

ኦድሪ ቀና ብላ አየችው።

«ኩባንያውን እኔ አልወለድኩትም» አለች።

ጋቪን ጆሮው ቀላ፣ ትንሽ ልጅ ሆኖ ብራምብል ሱሪዬን በቀደደ ቀን እንደቀላው። ግሌንዳ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። አልፈልግም ልትል ነበር፤ አየኋት፣ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓርብ አለ። የቦልተኑ ነጋዴ አለ። ቤቷ አለ። ከእህቷ ጉልበትና ከራሷ ጣሪያ አንዱን ምረጪ ተብላ፣ ያንንም ያመጣው ሌላ ሰው ሆኖ፣ ጥፋቱ ግን እሷ እጅ ላይ ወደቀ። እኔ ጋቪንን አንቄ ብይዘው ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ እናቱ ካርዷን ስታወጣ ዝም አለ። ይህንንም መናገር አለብኝ፤ ዝም አለ።

«አንድ ጊዜ» አለች ግሌንዳ ለሚስተር ራምስደን። «እህቴ ዕዳ ከምትከፍል፣ ዕቃ ብትገዛ አይሆንም? ኩባንያው መጋረጃዎቹን ለእሷ ቢሸጥላት?»

ሰውየው አገጩን አሸ። «ዳይሬክተሩ ተስማምቶ ከፈረመ፣ ገንዘቡም በእኔ በኩል ለእርስዎ ከደረሰ፣ ኩባንያው ንብረቱን ለፈለገው ይሸጣል። እኔ ምን ቸገረኝ?»

«ጋቪን፣ ፈርም።»

ጋቪን በብራምብል ስም ፈረመ። ኦድሪ ካርዷን ማሽኑ ላይ አስነካች፣ ማሽኑ ጮኸ፣ አለቀ። ግሌንዳ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጋቪን የዞረችው፤ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ስለ ማርማላታ በጠየቀችበት ድምፅ። «እንግዲህ መጋረጃዎቹ የእናትህ ናቸው። አልጋውን ከሊድስ ሰዎች ትከራያለህ፤ መጋረጃውን ከእናትህ ትከራያለህ። በየሳምንቱ፣ አልጋው በሚከራይበት ዋጋ።»

«አክስቴ፣ መጋረጃ እኮ…»

«የአልጋውን ሳትከፍል ብትቀር ሊድሶች ምን ያደርጋሉ?»

«መጥተው ይወስዳሉ።»

«እኔም የክሊፍ መሰላል የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ሚስተር ራምስደን ወደ ግድግዳው ዞሮ አሳለ። ያ ዮርክሻየሬ እየሳቀ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እነሱ ክፉ አላወራም፣ ወይም ብዙ አላወራም። የኪራዩን ውል ኦድሪና ጋቪን መቀበያው ላይ ተፈራረሙ። ጋቪን ይከፍላል ወይ ብትሉኝ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም። ኪራዩ ተጠራቅሞ የዚያችን ሴት ጉልበት እስኪያሠራ ግን ስንት ደረጃ እንደምትወጣ አውቃለሁ።

ቀሪው ሰዓት መልሶ መስቀል ነበር። ግሌንዳ ኦድሪን ደረጃው ላይ እንዳትወጣ ከልክላ ማረፊያው ውስጥ በእናታቸው ፒያኖ አጠገብ አስቀመጠቻትና እግሯን ትራስ ላይ አሳረፈችላት። «ሆዴ፣ አትነሺ» አለቻት። ሰምቼ የማላውቀው ቃል ነው፣ ከእነዚህ ሰዎች አፍ። ከዚያ ክፍል ለክፍል እየዞርን ሰቀልን፤ ጋቪንም ሳይጠሩት መጥቶ ጨርቁን ከታች ደገፈ፣ መንጠቆም አቀበለ፣ ላቡ በፊቱ ወረደ። የመጨረሻውን የማረፊያውን መስኮት ስንሰቅል አውቶብሱ ደጃፉ ላይ ቆመ። ግሌንዳ ገና መሰላሉ ላይ ናት። ጡረተኞቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ ብርድ ብርድ እየሸተቱ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው እያሉ ገቡ። ጋቪን ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከቶ እየሮጠ ወጣና እንኳን ደህና መጣችሁ አላቸው፤ ጥሩ አድርጎ ነው የሚለው፣ ለዚህ ለዚህ የተፈጠረ ልጅ ነው።

አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ በአንድ እጇ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይዛ፣ ከጓደኞቿ ተነጥላ ወደ መስኮቱ መጣች። መጋረጃውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እንዴት ያለ ሥራ ነው፣ ልጄ!» አለች ለጋቪን። «በኔ ጊዜ ነበር እንዲህ የሚሰፋው። የሆቴሉ ነው?»

ጋቪን ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከዚያ አክስቱን መሰላሉ ላይ አየ፣ እናቱንም አየ።

«የኔ ነው» አለች ኦድሪ ከወንበሯ ላይ። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ቃል ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «የኔ ነው። በቅቤ እጅዎ እንዳይነኩት።»